ጎረቤት የሚያስረው ቆብ

በቤታችን ጭስ ማውጫ አናት ላይ ቆብ አስሮ የሚያውቅ የቤታችን ሰው አልነበረም። የሚያስረው ጎረቤታችን ነበር፤ የእሱን ደግሞ አባቴ ያስርለት ነበር። እንግዳ መጥቶ ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ነው ብሎ ሲስቅ የአባቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰው የራሱን ጣራ ሲያይ ዐይኑ ይለግማል፣ «ዘንድሮንስ ይችላል» ብሎ ይወርዳል። የሰው ጣራ ላይ ሲወጣ ግን ያፍራል፤ የዛገውን ዝጓል ይላል፣ የላላውን ያጠብቃል። የቤቱ ባለቤት ሥራ ታች ቆሞ መሰላሉን መያዝ ብቻ ነው።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ከግቢው ሆነው ሲያዩ ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከታች ይታያሉ፤ ከኋላ የአምባሰል ተራራ አለ። ከዚያ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮ አይወድም። የላላ ነገር ካገኘ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኳ አድሮ፣ ጠዋት አውልቆ ሽንብራ ማሳ ውስጥ ይጥለዋል።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ዕድሜውን ከደሴ ወልዲያ እህል ሲያመላልስ ጨረሰ። አንድ ቀን ደሴ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ መኪናውን አቁሞ፣ የማድ ቤቱ ጭስ በማውጫ ከጣራ በላይ ሲወጣ አይቶ መጣ። የእናቴ ዐይን ያን ጊዜ በጭስ ቀልቶ፣ እንባዋ ሳይደርቅ ነበር የሚመሸው። አባቴ ጎረቤታችንን ጠራውና ሁለቱ ሆነው በጭቃ ጡብ፣ ከምድጃው ተነስቶ ጣራውን በስቶ የሚወጣ ጭስ ማውጫ ሠሩ፤ መጀመሪያ ለእኛ፣ ቀጥሎ ለእነሱ። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየ። እናቴ ዐይኗን ገልጣ ሽንኩርት ስታቁላላ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ቆንጆ ዐይን እንዳላት ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሾፌሩና ገበሬው ያላሰቡት መጣ። አናቱ ክፍት ነበርና ዝናቡ ቀጥ ብሎ ምድጃው ውስጥ ወረደ። እሳቱ ጠፋ፣ ጥላሸት የጠጣ ውሃ ወጡ ላይ ተንጠባጠበ፣ ጡቡም ከውስጥ እየሟሟ መጣ። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ነፋሱ ጭሱን ወደ ታች መልሶ ይገፋዋል። በጋ ላይ ርግብ ጎጆ ሠራችበትና ጭሱ መውጫ አጣ። ርግቧ ስትባረር ደግሞ ፍንጣሪ ወጥቶ የጎረቤታችን ገለባ ክምር ላይ አረፈ፤ ሰፈሩ በባልዲ ተሯሯጠ። ቆብ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዘይት ቆርቆሮ ተቀዶ ይዘረጋል፣ እንደ ጃንጥላ ጎበጥ ይደረጋል፣ ከማውጫው አናት ትንሽ ከፍ ብሎ በሽቦ ይታሰራል። ጭሱ በጎን ይወጣል፣ ዝናቡ በላይ ይቀራል። እኛ ቆብ እንለዋለን፤ እነሱ ቤት ኮፊያ ይሉታል።

የዘይት ቆርቆሮ ዕድሜ የለውም። ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጭስ ይበላዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይወርዳል፣ በፀሐይ ወደ ላይ ተይዞ ይታያል፤ ብርሃን ካሳለፈ ያለቀለት ነው፣ ይቀየራል። አባቴ ማለዳ ተነስቶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ሰኔ ሊገባ ነው!» ብሎ ይጣራል። ሌላ ነገር አይጨምርም። ከአጥሩ ማዶ የመሰላል ኮሽታ ይሰማል።

ያ ቀን ለሁለቱ ቤት እንደ በዓል ነበር፤ እንዲያውም ከበዓል ይበልጥ ነበር። በበዓሎቻችን ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ እኛ የእነሱን አንበላም፣ እነሱም የእኛን። ዓሳ ግን ማንም ባርኮ አያርደውም፤ በሁለቱም ቤት ይበላል። ስለዚህ የቆብ ቀን ምሳ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ነው፤ ተጠብሶ በአንድ ትሪ ይቀርባል። ጎረቤታችን እኛ ጣራ ላይ ሲወጣ አባቴ መሰላሉን ይዞ «መሪውን ያዝ፣ ገደል ነው» ይለዋል። አባቴ እነሱ ጣራ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጎረቤታችን ታች ሆኖ፣ ሾፌር በእግሩ ሲሄድ እንደዚህ ነው የሚፈራው፣ እያለ ለሰፈሩ ያስቅበታል። የዓሳ እሾህ በጣቴ እየለየሁ እሰማቸው ነበር። ይኼን ስጽፍ የዚያ ቆሮሶ ሽታ ከአፍንጫዬ ሥር አለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤት ዓሳ በልቻለሁ፣ እንደዚያኛው የሆነልኝ የለም።

አባቴ ጥቅምት ላይ አረፈ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ወንድሜም እዚሁ ነው፤ እናቴ ብቻዋን ቀረች። በስልክ ስናወራ ትስላለች። ብርድ ነው ትላለች። በጋም ብርድ ነው ትላለች። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ከሰፈር የመጣች አንዲት ሴት፣ የናንተ ማድ ቤት እኮ ጭሱ በበር ነው የሚወጣው፣ እናታችሁ ደጅ በድንጋይ ጉልቻ ነው የምትሠራው፣ አለችኝ። ከወንድሜ ጋር ተመካከርንና ቆረጥን። እናታችን ወደ እኔ ትመጣለች፤ ቤቱ ይዘጋል።

እኔ ነገር ከቆረጥኩ አልቆምም፤ ይኼ ጠባዬ ከሾፌሩ የወረስኩት ነው። መርካቶ ሄጄ ከብረት ሠሪዎች ዘንድ የማይዝግ፣ የስቴንለስ ቆብ አሠራሁ። ሦስት እግር ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው የሚያይበት መስታወት የሚመስል። ቤቱ ሰው ባይኖርበትም ዝናብ እንዳይገባበት፣ ማንም ሳይነካው እንዲቆይ ብዬ ነው። እሱን በጆንያ ጠቅልዬ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐይቅ ወረድኩ።

ማድ ቤቱን ሳየው እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ቆቡ የለም፤ ነፋሱ መቼ እንደወሰደው እናቴ እንኳ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ጥቁር ውሃ የወረደበት መስመር አለ። የጭስ ማውጫው ጡብ ከውስጥ ተበልቶ አንድ ጎኑ ሆዱን ነፍቷል። ምድጃው ውስጥ የርግብ ላባና ጭቃ ተጋግሯል። እናቴ ደጅ፣ በሦስት ድንጋይ ላይ ምስር አስቀምጣ፣ እንደ ድሮዋ በቀላ ዐይን ታየኛለች። አንጀቴን በላችው። በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን አልኳት።

«እሺ ልጄ» አለችኝ።

እናቴ ተከራካሪ ናት። በሽንኩርት አከታተፍ እንኳ ተከራክራ ነው የምታሸንፍ። ያለ አንድ ቃል እሺ ስትለኝ ደነገጥኩ። ማታውን ሻንጣ አውጥታ ነጠላዎቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ከተተች፤ የአባቴንም ጋቢ ከመሐል አደረገችው። አላለቀሰችም። እኔም ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም።

በማግስቱ መሰላል ፍለጋ ወደ አጥሩ ስጠጋ፣ ማዶ ያለውን አየሁ። የጎረቤታችን ጭስ ማውጫም አናቱ ባዶ ነው። እሱም ጥቁር እንባ አውርዷል። ሁለቱ ማውጫዎች በአጥሩ ግራና ቀኝ ራቁታቸውን ቆመዋል። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ሳላውቅ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ።

ጎረቤታችን በሩ ላይ ካለችው ዋንዛ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ቀድማ አርፋለች፣ ልጁ ሳዑዲ ነው፤ ምራቱ አብራው ትኖራለች። ጉልበቱ ታሟል፤ ሰላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሰግድ። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ፣ ከለከልኩት። ጉልበቱን፣ ልጁን፣ አዝመራውን ጠየቅሁ፤ እሱም ወንድሜን፣ ሥራዬን፣ ጤናዬን ጠየቀኝ። አልሐምዱሊላህ ተባባልን። ከዚያ በኋላ ነው ለምን የሁለታችንም ቤት ቆብ እንደሌለው የጠየቅሁት። ወደ ጣራው ሳይሆን ወደ አጥሩ አየ።

«የሚጠራኝ አጣሁ» አለኝ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ? አባትሽ በአጥሩ ይጣራ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ መሰላል ተሸክሜ እንዴት ብዬ ልግባ? ትጠራኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ይኸው ሁለት ክረምት።»

የራሱንስ ለምን ለሌላ ሰው አላሠራም ብዬ ጠየቅሁት። የእኔን የሚያስረው ያ ቤት ነው አለኝ፣ የሚገርም ነገር የጠየቅሁት ይመስል። ከዚያ ምራቱን ላካት። ከጎተራው ኋላ ሁለት ተቀዶ የተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ ይዛ መጣች፤ እንዳይዝግ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ዘይት አሁን በፕላስቲክ ጀሪካን ሆነና ቆርቆሮ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከስንቱ ሱቅ ለምኖ ነው ያጠራቀመው። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእነሱ ነበር።

ቤት ተመልሼ እናቴን አፋጠጥኳት። እሱ እኮ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲጠብቅሽ ነበር፣ ለምን አልጠራሽውም አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን ነጠላ ማጠፍ አቆመች።

«ጉልበቱን እያየሁ?» አለችኝ። «እምቢ አይለኝም እኮ። እምቢ የሚለኝ ቢሆን በጠራሁት። ይወጣል። ቢወድቅስ?»

ሁለት ደግ ሰዎች ሲተዛዘኑ ሁለት ማድ ቤት ሊያፈርሱ ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በእኛ አገር ከዝናብ ይልቅ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ዝናቡ ቢያንስ ሲመጣ ይሰማል። አጥሩ ጋ ሄደሽ ጥሪው፣ ጣራውን እኔ እወጣለሁ አልኳት። እሱ እያለ አንቺ ምን አግብቶሽ ትወጫለሽ አለች። እሱም የሚሠራው አያጣም፣ ብቻ ጥሪው አልኳት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አጥሩ ጋ ደርሳ ብዙ ቆመች። የአባቴ ቦታ ላይ ነበረች፤ እሱ አንገቱን ያስግግበት ከነበረው፣ ቅርንጫፉ ከረገበበት ቦታ።

«ወንድምዓለም» አለች፣ «ሰኔ ሊገባ ነው።»

የመሰላል ኮሽታ ሰማሁ። ያን ኮሽታ እንደገና እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወደ ማድ ቤቱ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ምራቱ መሰላሉን፣ እሱ ቆርቆሮዎቹን ይዞ እያነከሰ መጣ። እኔም ጆንያዬን ፈትቼ የመርካቶውን ቆብ አወጣሁ። ተቀብሎኝ አገላበጠው፤ ፊቱን አየበት፣ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ማሻአላህ፣ ያምራል» አለ። «በስንት ዓመቱ ነው የሚቀየር?»

«አይቀየርም ጋሼ። አይዝግም፣ የዕድሜ ልክ ነው።»

ለእናቴ አቀበላት። እናቴ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ወደ እኔም ወደ እሱም አላየችም።

«ካልዛገ ማን ሊመጣ ነው?» አለች።

እናቴ ቆቡን ወስዳ ከዶሮዎቹ ቤት አጠገብ ዘቅዝቃ አስቀመጠችው፤ እኛም የዘይት ቆርቆሮዎቹን ማጉበጥ ጀመርን።

መጀመሪያ የእነሱን ቤት አደረግን፤ የአባትሽ ተራ ይቅደም አለኝ። ሱሪዬን አጥብቄ ወጣሁ። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው፣ የሾፌሩ ልጅ አብዳ መጣች ተባባሉ። ጎረቤታችን ታች ሆኖ መሰላሉን ይዞ፣ የአባቷን እግር ነው የያዘች፣ እንደሱ ትፈራለች ይላል። ከላይ ሐይቁ እንዳለ ታየኝ፤ ነፋሱም ጀርባዬን ያዘኝ። ማውጫው አናት ላይ ስደርስ ግን ሐይቁን ረሳሁት። ቆቡ ቢሄድም ሽቦው አልሄደም። በማውጫው አንገት ላይ ሁለት ዙር ዞሮ፣ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አባቴ የጭነት መኪናውን ሸራ ሲያስር እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ ሽቦ የሰው እጅ እንዳይወጋ ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሌላ ሰው እንደዚያ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

በእኛ ቤት የአባቴን እጅ ስፈልግ ነው የኖርኩት፤ ያለው ለካ እዚህ ነው። ጣቴን ቋጠሮው ላይ አኖርኩ። ዝጓል፣ ግን አልላላም። ናፍቆት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቅም ነበር። እዚያው ጣራ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከታች ምን ሆንሽ አሉኝ። ጭስ ነው አልኩ። ምድጃው ግን ከጠዋት ጀምሮ አልነደደም፤ ማንም ግን ይኼን አላነሳብኝም። የአባቴን ሽቦ ሳልነካ ከእሱ በላይ አዲሱን አዞርኩ፤ ጫፉንም ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ መሰላሉን እናቴ ያዘች። የቤቱ ባለቤት እሷ ናትና። ልወጣ ስል ጎረቤታችን በእጁ መለሰኝ። ቢስሚላህ ብሎ እግሩን መጀመሪያው መወጣጫ ላይ አኖረ። እናቴ መሰላሉን አጥብቃ ያዘች፣ ግን ተው አላለችውም። ቀስ እያለ፣ በደኅናው እግሩ እየገፋ፣ ጣራው እጁ የሚደርስበት ድረስ ወጣ። መዳፉን የጣራው ቆርቆሮ ላይ አኑሮ አረፍ አለ። ተንፍሶ ወደ እኔ ዞረ።

«እስከዚህ እኔ ነኝ» አለኝ። «ከዚህ በላይ አንቺ ጉልበት ሁኝኝ።»

ወርዶ አረፈ፤ እኔ ወጣሁ። የእኛ ማውጫ አንገት ላይም የእሱ ሽቦ ነበር፤ የእሱ ደግሞ ሦስት ዙር ነው፣ ጫፉ አይታጠፍም። ከታች ሆኖ አጥብቂ፣ በግራ በኩል ላላ ብሏል፣ ለራስሽ ቤት ነው ብለሽ አትለግሚ፣ እያለ አስቸገረኝ። አባቴ እውነቱን ነበር። የሰው ዐይን አይለግምም።

የነፋውን ጡብ ምራቱና እኔ በጭቃ ከመረግነው በኋላ እናቴ ምድጃውን አነደደችው። አራታችንም ግቢው ውስጥ ቆመን ወደ ላይ አንጋጠጥን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከቆቡ ሥር ነጭ ጭስ ወደ ሐይቁ በኩል ተንጠልጥሎ ወጣ። እናቴ ማድ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋችው፤ አልሳለችም። ጎረቤታችን ቆሮሶ አስገዝቶ ነበር። በአንድ ትሪ በላን። የአባቴን ቦታ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ግን ማንም አልሸሸውም።

ምሳው እንዳለቀ እናቴ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስከተላት ሻንጣውን ከፍታ ነጠላዎቿን ወደ ቁም ሣጥኑ ስትመልስ አገኘኋት። የአባቴን ጋቢ መጨረሻ ላይ አንስታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። እንደማትሄድ ገባኝ። ሐዘኔን አልደብቅም፤ እኔ እናቴን ፈልጌያት ነበር። ጠዋት ስነሳ ድምፅዋን፣ ማታ ስገባ ክርክሯን ፈልጌ ነበር። ባዶ ጆንያዬን ይዤ የደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሲጠመዘዝ ዘወር ብዬ ዳገቱን አየሁ፤ ሁለት ጭስ ጎን ለጎን ይወጣል። የቱ የማን እንደሆነ ከሩቅ አይለይም።

ያ ሁሉ ዓምና ነው። የመርካቶው ቆብ ሳይዝግ አለ፤ ጫጩቶች ውሃ ይጠጡበታል። ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ደወለች። እሷ በሥራ ሰዓት አትደውልም፤ ደንግጬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ቆቡ ዳር ዳሩን ቀላ» አለችኝ።

የእሱስ ቤት አልኳት። እሱንም በአጥሩ አይቼዋለሁ፣ እሱም ቀልቷል አለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። መቼ ነው የምትመጭ አለችኝ። ሰኔ ሳይገባ አልኳት።